ሌላ አንድ ሰው ይህን ክፍል እያየ ነው

ጥር 8

ክብርት ባለቤቴ ሆይ፤

ጤናዬን ጠይቀሽ ነበር። ጤናዬ ሙሉ ነው፣ ናፍቆቴም ሞልቶ ፈሷል፣ ጎዶሎው ኪሴ ብቻ ነው። አንቺስ? ወገብሽ ተሻለው? ያንን ጎባጣ ወንበር ቀየሩልሽ ወይስ አሁንም ቀኑን ሙሉ የሰው ጥርስ ስትቀርጪ ትውይና ማታ የራስሽን ጀርባ ስታቀኚ ታመሺያለሽ?

ስልክ መደወል ለምን ተውክ ላልሽኝ መልሱ አንድ ቃል ነው፤ ቁጠባ። ስልክ ሒሳብ ይበላል፣ ደብዳቤ ግን አንድ ቴምብር ልሶ መለጠፍ ነው። ደግሞስ በስልክ ምን እንባባል ነበር? "እሺ… እሺ… ሌላስ?" አሁን ግን ይኸው ሰላምታዬን ሳልጨርስ ገጹ ተጋመሰ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። መቼ ነው የምንገናኘው ብለሽ ለጻፍሽው ጥያቄ፣ ከብዙ ጥናትና ምርምር በኋላ የደረስኩበትን ውሳኔ በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ፤ በቅርቡ።

አትሳቂ። የመረጥሻት የሐይቅ ዳር ከተማ ከአንቺም ከእኔም እኩል ትርቃለች፤ ሆቴሏም ተገኝቷል። ሦስተኛ ፎቅ፣ በረንዳው ላይ ሁለት ወንበር፣ አልጋው ላይ ሁለት ትራስ። "ሐይቁ በከፊል ይታያል" ይላል ድረ ገጹ። በከፊል ማለት አንገትሽን ከበረንዳው ወጣ ካደረግሽ ማለት ነው። ግድ የለም፣ አንቺ ታያለሽ፣ እኔ እግርሽን እይዛለሁ።

ነገር ግን ዋጋው እየወረደ ነው፤ የሚወርድ ዋጋ ደግሞ እንደሚወርድ አሳንሰር ነው፣ መሃል ላይ አይዘለልበትም። ከፎቃችን ሥር ያለው ፀጉር አስተካካይ በዚህ በኩል ሊቅ ሆኗል። ክፍል የሚያዘው ማክሰኞ ነው ይላል። በአንድ ስልክ ደጋግመህ አትፈልግ፣ መቸኮልህን ያሸትና ዋጋ ይጨምርብሃል ይላል። ምንም እንደማይፈልግ ሰው ግባ፣ አየት አድርገህ ውጣ ይላል። እኔም ኔትወርኩ ደህና የሚሆነው አሳንሰሩ ጣሪያ ላይ ስለሆነ፣ ምሳ ሰዓት ላይ እዚያ ወጥቼ ምንም እንደማይፈልግ ሰው እገባለሁ።

አንድ ጠላት ግን ተነሥቶብናል። ክፍሉን በከፈትኩ ቁጥር ከዋጋው ሥር በቀይ ፊደል "ሌላ አንድ ሰው ይህን ክፍል እያየ ነው" ይለኛል። ሁልጊዜ ምሳ ሰዓት! ማን ነው ይሄ? ቦርጫም ይመስለኛል። የወርቅ ቀለበት ያደረገ፣ በልቶ የጠገበ፣ የእኛን በረንዳ እያየ ጥርሱን የሚጎረጉር። አይዞሽ፣ አላሸንፍም አላልኩም።

ያንቺው፣ የአሳንሰር ጠጋኙ

---

ጥር 15

አንተ ሰውዬ፤

ወገቤ ደህና ነው፤ ወንበሩ አልተቀየረም፣ ወገቤ ነው ወንበሩን የለመደው። አከራዬም ደህና ናት፤ ቧንቧ ስከፍት ጆሮዋን ከግድግዳው ጋር ትለጥፋለች። ውሃ በዛ ብላ አስባ እንጂ እኔን ናፍቃ እንዳይመስልህ።

"በቅርቡ" አልከኝ። ይህቺን ቃል አንሥቼ የጥርስ መቅረጫውን ሰም የማቀልጥበት እሳት ላይ ያዝኳት፤ አልቀለጠችም። አባ ቅናሽ፣ እስኪ አንድ ጊዜ ብቻ ቀልዱን አስቀምጥና ስማኝ።

ውሌ የሚያልቀው በየካቲት መጨረሻ ነው። የክሊኒኩ ባለቤት የሥራ ክፍሌ ድረስ መጥቶ፣ ጄሶ ያልነካው ቦታ ፈልጎ አጥቶ ቆሞ፣ "ሁለት ዓመት ትጨምሪያለሽ ወይስ እቃሽን ትጠቀልያለሽ?" ብሎኛል። የካቲት ሳያልቅ መልስ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ መልሱን በወረቀት መጻፍ አልፈልግም፣ በስልክም መናገር አልፈልግም። ፊትህን እያየሁ ነው የምወስነው። "ሂጂ፣ አንድ ዓመት ምን አላት" ስትለኝ ፊቴ ላይ ነበር ያልከኝ፤ ቀጥሎ ያለውንም ፊት ለፊት መነጋገር አለብን።

ስለዚህ ክፍሉን ያዝ። ርካሽ ቢሆን ውድ ቢሆን ያዝ። ሐይቁ ባይታይም ግድ የለኝም፤ ውሃ ለማየት ከሆነ ቧንቧ እከፍታለሁ፣ አከራዬም ታጅበኛለች።

ፎቶ ላክ ብዬህ ነበር። የላክልኝ ግን የተሰናበትን ዕለት ያነሣነው ነው፤ የኔ ሻንጣ ጥግ ላይ ይታያል። አዲስ ላክልኝ። ፊትህ እየጠፋብኝ ነው። አፍንጫህን አስታውሳለሁ፣ ቅንድብህን አስታውሳለሁ፣ አንድ ላይ ሳደርጋቸው ግን የሌላ ሰው ይሆንብኛል።

ባለቤትህ

---

ጥር 23

ዓለሜ፤

መቼም ተቆጥተሻል። ይቅርታ። ደብዳቤሽ ጫፉ ላይ ጄሶ ነበረው፤ ሳላራግፍ አስቀመጥኩት።

ስለ ውሉ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። እስከዚያው ስለ ዋጋ ልጻፍልሽ።

ባለፈው ማክሰኞ ዋጋው ወረደ። አዎ፣ ወረደ። እጄ ሊጫነው ተዘረጋ። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ ያስተማረኝ ጥበብ ትዝ አለኝ፤ ክፍሉን መርጠህ፣ ስምህን ሞልተህ፣ ክፍያው ላይ ስትደርስ ጥለህ ውጣ። እነሱ ይደነግጣሉ፣ አባብለው በኢሜይል ቅናሽ ይልካሉ። ጥዬ ወጣሁ። እውነትም ማታ ኢሜይል ላኩ። "አልረሳንህም" ይላል። እንዴት አንጀት ይበላል መሰለሽ! ቅናሽ ግን አልነበረውም። በነጋታው ስገባ ዋጋው ወጥቶ ተቀምጧል፣ ያ ቦርጫምም ከሥሩ ቁጭ ብሎ እያየ ነው።

እውነቱን ለመናገር ዝም ብዬ አልጠበቅኩም፤ የእንግዶችን አስተያየት ሁሉ አንብቤያለሁ። አንዱ "እንቁራሪቶቹ ሌሊቱን ሙሉ ያወራሉ" ብሎ ዝቅተኛ ነጥብ ሰጥቷል። ሌላዋ "ከባለቤቴ ጋር ሄጄ ነበር፣ ሐይቁ ቆንጆ ነው" ብላ እሷም ዝቅተኛ ነጥብ ሰጥታለች። ስለ ባሏ ይሆን ስለ ሆቴሉ አልገባኝም።

ፎቶውን በተመለከተ፣ የስልኬ ካሜራ ፊት ለፊት ያለው አልሠራ ብሏል። ወደ ኋላ ያለው ይሠራል፤ ከፈለግሽ የአሳንሰሩን ሞተር አንሥቼ እልክልሻለሁ፣ እሱም አምሮበታል።

ትንሽ ብቻ ታገሺ። ትንሽ ከወረደ እይዘዋለሁ።

ያንቺው

---

ጥር 30

አባ ቅናሽ፤

ሁለት ነገር ልነግርህ ነው። ቁጭ ብለህ አንብብ፤ አሳንሰር ጣሪያ ላይ ከሆንክ መጀመሪያ ውረድ።

አንደኛው። ካሜራህ ጤነኛ ነው። የላይኛው የፊት ጥርስህ ነው የሌለው። መጨረሻ በስልክ ያወራን ዕለት "ስለዚህ" ስትል አፍህ አፏጨ፤ "ሰላም እደሪ" ስትልም አፏጨ። እኔ ባልሽ ጥርስ የለውም ተብሎ የሚደበቀኝ ሴት ነኝ? ቀኑን ሙሉ ጥርስ ከሌላቸው ሰዎች ጋር ነው የምውለው፣ ድምፃቸውን ሰምቼ የትኛው እንደጎደለ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ነው ስልክ ውድ የሆነብህ። ምን መታህ? የአሳንሰር በር ነው አይደል? ብቻህን ነው ሐኪም ቤት የሄድከው? ደም ሲፈስህ ማን ያዘህ? ይህንን ማንም አልነገረኝም። ጥርሱን እስክታስተክል ነው ክፍሉን የማትይዘው፤ ዋጋ አይደለም ያስጠበቀህ። እኔ ደግሞ ለአላፊ አግዳሚው ጥርስ ስሠራ ያንተ አፍ ክፍት ሆኖ ተቀምጧል። ማን ይስቅብን!

ሁለተኛው። ያ ቦርጫም እኔ ነኝ።

ሊንኩን ከላክልኝ ጀምሮ ምሳ ሰዓት ላይ ሰሙን አጥፍቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ያንን ክፍል እከፍታለሁ። ለመያዝ አይደለም። ለማየት ብቻ ነው። ትራሶቹን አያለሁ። በግራ በኩል ያለው ያንተ ነው፤ አንተ ግድግዳ አትወድም። ከዚያ ወንበሮቹን አያለሁ። አንዱ ወንበር ወደ ሌላው ትንሽ ዞር ብሏል፣ አየኸው? የሆነ ሰው ሲያወራ ቆይቶ የተነሣ ይመስላል። እዚያ ላይ ዳቦዬን እጨርሳለሁ።

ጠላትህ ይቺ ናት። ምንም ቀለበት የላትም፤ የጋብቻውን እንኳ ጄሶ እንዳይገባበት አውልቃ መሳቢያ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው።

ይዘኸው ና። ያለ ጥርስህ።

ባለቤትህ

---

የካቲት 5

የኔ ቦርጫም!

ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት፣ በሁለት ፎቅ መሃል ቆሜ። የበላይ አለቃዬ ከታች "ምን ሆነህ ነው?" ብሎ ጮኸ። "ተሸነፍኩ" አልኩት።

አዎ፣ በሩ ነው። የያዘኝ ደግሞ ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ፎጣውን አበላሸሁበት፣ የፎጣውን ዋጋ እስካሁን ሲያነሣብኝ ይኖራል። አላመመኝም። ትንሽ አመመኝ። ስትስቂ እኔ አፌን ይዤ እንዳልቀመጥ ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ያዝኩት! አለቃዬ የፈቀደልኝን ቀናት ይዤ፣ ዛሬ ማክሰኞ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ተጫንኩት። ያው በፎቶው ላይ ያለው ክፍል። ከማክሰኞ የካቲት 19 እስከ አርብ ቀትር። በሳምንቱ አጋማሽ ስለሆነ ዋጋው ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። የማይቀየርና የማይመለስ ስለሆነ ደግሞ ከግማሹም ላይ ቀነሱልኝ። የደርሶ መልስ አውቶቡሱንም እንዲሁ አድርጌ ገዛሁ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ድል አላየሁም።

ጥርስ አልባው

---

የካቲት 5

አንተ ሰውዬ፤

ይህንን ስታነብ አትቆጣ። ካንተ ጠብቄ ጠብቄ መልስ ሳይመጣ ሲቀር ትዕግሥቴ አለቀ። ያንተን "በቅርቡ" ብጠብቅ የካቲት ያልፋል። ስለዚህ ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ማየቱን ትቼ ያዝኩት። በደሞዜ፣ በሙሉ ዋጋ፣ ሳልከራከር። ክፍያው ሲያልፍ ያቺ ቀይ ጽሑፍ አልነበረችም፤ ምነው ዛሬ ምሳ ሰዓት የት ሄድክ?

የካቲት 22 አርብ ምሽት እገባለሁ፣ እሑድ እወጣለሁ። የክሊኒኩ ባለቤት የሰጠኝ ከዚህ ሌላ ቀን የለም። አይቀየርም አይመለስም ብለውኛል፣ እኔም ለምን ይቀየራል ብዬ ፈረምኩ።

አንተ መምጣት ብቻ ነው ያለብህ። ዘንድሮ እንኳ እኔ ልጋብዝህ።

ባለቤትህ

---

የካቲት 12

አባ ቅናሽ፤

ትናንት ሆቴሉን ካናገርኩ በኋላ ደውዬልህ ስስቅ የሰማኸውን ይቅር በለኝ። ሳቅ እንዳልነበር መጨረሻው ላይ ገብቶሃል።

አንተ ለምነሃቸዋል፣ እኔም ለምኛቸዋለሁ። ሪሴፕሽኗ ትሑት ልጅ ናት። "እናዝናለን፣ የሁለታችሁም አይቀየርም" አለችኝ። "እኛ እኮ ባልና ሚስት ነን፣ አንድ ክፍል ነው የያዝነው" አልኳት። "አዎ እመቤት፣ በተለያየ ቀን" አለች። ይህንን ማን ይክዳል?

አለቃህም ቀን አይጨምርልህም፣ የኔውም ቀን አያስቀድምልኝም። ቁርጡ ይኸው ነው፤ አንተ አርብ ቀትር ላይ ከክፍሉ ትወጣለህ፣ አውቶቡስህ በስምንት ሰዓት ይነሣል። እኔ እዚያው ክፍል የምደርሰው ሲመሽ ነው። እንተላለፋለን፤ አንተ በአንዱ መንገድ ትወጣለህ፣ እኔ በሌላው እገባለሁ። በፈረቃ የሚናፈቅ ትዳር ሰምተህ ታውቃለህ?

አትቅር ግን። ሂድና እረፍ፤ ከዚያ ጣሪያ ላይ ወርደህ ሰው ምሰል። በኔ ወንበር ላይም ተቀመጥልኝ፣ ሐይቁንም እይልኝ። ስትወጣ አንሶላውን እንዳይቀይሩት ለምናቸው። ለምን ካሉህ፣ ሚስቴ ትመጣለች በላቸው።

መልሱን በወሩ መጨረሻ እሰጣለሁ። ፊትህን ሳላይ የምሰጥ ከሆነ ምን እንደምል አላውቅም።

ያንተዋ

---

የካቲት 22፣ ረፋድ ላይ፣ ከክፍሉ

ዓለሜ፤

ይህንን ለሪሴፕሽኗ ትቼልሽ ነው የምሄደው። ልጅቷ ስገባ "ብቻዎን ነዎት?" አለችኝ። "ለጊዜው" አልኳት። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ያንን "ለጊዜው" አስታውሳ በሐዘን ታየኛለች፤ ሰው የሞተብኝ ነው የመሰላት።

ፎቶው አልዋሸም። የዋሸው ጽሑፉ ነው፤ ሐይቁ በከፊል አይደለም፣ ሙሉው ይታያል። ማለዳ ላይ ነጭ ነው፣ ቀትር ላይ ያንጸባርቃል፣ ማታ ድምፁ ብቻ ይቀራል። ሦስቱንም ብቻዬን ስለጨረስኳቸው ሌባ የሆንኩ መሰለኝ። "አየሽው?" የምለው ሰው አጥቼ ለእንቁራሪቶቹ አልኩ። እነሱም ያወራሉ እንጂ አይሰሙም።

ወንበርሽ ላይ ተቀመጥኩ። ከወንበርሽ ሆኜ የራሴን ባዶ ወንበር አየሁ። እንዲህ ነው እንዴ የምታይኝ?

ጽዳቷን ለመንኳት። "አንሶላ ደንብ ነው" አለች። ትራሱን ግን እንዳላየች ሆና ተወችልኝ። የግራው ነው።

ስለ ውሉ ፊቴን ሳታዪ ምን እንደምትዪ አላውቅም ብለሻል፤ በወረቀት ልረዳሽ ሦስት ሌሊት ሞከርኩ። ነይ ብዬ ብጽፍ፣ ወንበሩ ቢጎብጥም የምትወጂውን ሥራ የምነጥቅሽ መሰለኝ። ቆዪ ብዬ ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ይኸው ባዶውን ቦታ ትቼልሻለሁ፤ እዚህ መስመር ላይ።

ዋጋው ሲወጣ ሲወርድ ስቆጥር ከረምኩ፤ አንቺ ለሦስት ደቂቃ ምሳሽን የምትበይበትን ክፍል ግን እኔ ሦስት ቀን አደርኩበት፣ ያለ አንቺ ደግሞ አንዲት ሳንቲም አያወጣም። ይህንን አስተያየት ድረ ገጹ ላይ ልጽፈው ብዬ ነበር፤ ሆቴሉ ጥፋት የለበትም ብዬ ተውኩት።

አውቶቡሱ በስምንት ሰዓት ነው። ቲኬቱ አይቀየርም፣ አይመለስም። ሻንጣዬን ይዤ እየወረድኩ ነው። በደረጃ፤ አሳንሰር የላቸውም።

ያንቺው

---

የካቲት 28

የኔ ሰው፤

በጥያቄህ ልጀምር። እሑድ አውቶቡሴ ሲነሣ ከመስኮቱ ጎን እየሮጥክ "አንቺ ጋ ለእኔ ቦታ አለ?" ብለህ የጠየቅከኝን፣ ከኋላዬ የተቀመጡት እናት እንኳ "መልሺለት እንጂ ልጄ!" ያሉኝን። አዎ፣ ቦታ አለ። አልጋው ጠባብ ነው፣ ቁም ሣጥኑ ለአንድ ሰው ነው፣ አከራዬ ስለ ውሃው ታለቅሳለች። ቦታ ግን አለ።

አርብ ማታ ከአውቶቡስ ስወርድ አግዳሚው ላይ ያየሁትን ሰው መጀመሪያ አላወቅኩትም። ሻንጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ጊዜው ያለፈበት ቲኬት ይዞ ተቀምጧል። አውቶቡሱ ስንት ሰዓት እንደሄደ ጠየቅኩት፤ "በስምንት ሰዓት፣ ባዶ ወንበር ይዞ" አለኝ፣ አፏጭቶ። አፍንጫውን አወቅኩት፣ ቅንድቡን አወቅኩት፣ ከዚያ ሁሉም ተገጣጠመ። አለቃው ነገ ሥራ ላይ ይጠብቀዋል፣ እሱ ግን እኔን እየጠበቀ ነው። ሆቴል ደርሰን ሪሴፕሽኗ "ለተጨማሪ ሰው ክፍያ አለ" ስትል ዝም ብለህ ከፈልክ። ቅናሽ የለም ወይ እንኳ አላልክም። ያኔ ነው የደነገጥኩት፤ ሰውዬው ታሟል አልኩ።

ሥራዬን እንደምወደው ፊትህን እያየሁ ልነግርህ ነበር። ፊትህን ሳይ ረሳሁት። ስለዚህ አሁን ልጻፈው፣ አንተ የተውክልኝ ባዶ መስመር ላይ። ዛሬ ለክሊኒኩ ባለቤት እቆያለሁ አልኩት። አትደንግጥ፣ ቀጥሎ ያለውን አንብብ። ይህንን ያልኩት አንተ ያንን ከጠየቅከኝ በኋላ ነው እንጂ በፊት ቢሆን አፌ አይከፈትም ነበር። አለቃህ ቅዳሜ ቀርተሃል ብሎ ያዘጋጀልህን ማስጠንቀቂያ አመስግነህ ተቀበለው፣ አጥፈህ ኪስህ ክተት፣ መልቀቂያህን ስጠው። የምኖርበት ሕንፃ አሳንሰር ከመጣሁ ጀምሮ ቆሟል፤ የጎረቤቱም ቆሟል። አከራዬን "ባሌ ይጠግናል" አልኳት። ከግድግዳው ጆሮዋን ያነሣችው ያን ቀን ብቻ ነው። ጥርስህን ደግሞ እኔ እሠራዋለሁ፤ ልክ የሚወሰደው ግን ከባለ አፉ ነው፣ በፖስታ አይላክም።

ትራስህን አላጠብኩትም፤ ሆቴሉ እንዳያየኝ ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ አመጣሁት። ልጅቷን ይቅርታ ጠይቃት፣ ዋጋውንም ላክላት።

አሁን ወደ ቲኬቱ። አይቼዋለሁ፣ እውነታቸውን ነው፤ መመለሻ ያለው ከመሄጃ ብቻው ይረክሳል። ፀጉር አስተካካዩ "ርካሹን ግዛና መመለሻውን ጣለው" ይልሃል፣ አንተም ልብህ ይከጅላል። እንዳትሰማው። በማንኛውም ቀን ቢሆን፣ ማክሰኞም ባይሆን፣ ውዱን ግዛ።

መሄጃ ብቻ።

ባለቤትህ